ክፉውን ሰውዬ አትንኩብን፦ ስለ አምሪሽ ፑሪ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ህንዱ ተዋናይ ስለ አምሪሽ ፑሪ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔም ከደብረ ማርቆስም፣ ከባሕር ዳርም፣ ከፍኖተ ሰላምም ደርሶኛል። ግማሹ ላኪ «አየህ፣ እኔ ምን ብዬ ነበር» ይላል። ግማሹ «ዝም ልትል ነው?» ይላል። እውነቱን ለመናገር ዝም ልል ነበር፤ የፊልም ክርክር ማለቂያ የለውም። ወደ መጨረሻው ግን «ሰውዬው ተዋናይ ሳይሆን ማስፈራሪያ ነበር» የሚል ነገር አገኘሁ። እሱን ማለፍ አቃተኝ።

ለማያውቀው ሰው በአጭሩ፦ አምሪሽ ፑሪ ማለት ሞጋምቦ ነው፤ በ«ሚስተር ኢንዲያ» ፊልም አሽከሮቹን አሲድ ውስጥ የሚያዘልለው ክፉ። በ«ካራን አርጁን» ሁለቱን ወንድማማቾች ገድሎ እናታቸውን ያስለቀሰው፣ መላጣው፣ ዓይኑ የሚፈጠው፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስለው ሰውዬ። በ1932 ፑንጃብ ውስጥ ተወልዶ በ2005 ሙምባይ ላይ በ72 ዓመቱ አረፈ (የፊልሞቹና የእሱ ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በመቶዎች በሚቆጠሩ ፊልሞች ሠርቷል፤ በብዙዎቹ ክፉ ነው። ከእነዚህም ውስጥ አርጅተው እንኳ ወዳጆቻቸው ያልተዋቸው፣ ንግግራቸውን ሰው በቃሉ የሚወጣላቸው ብዙ ናቸው።

ጽሑፉ የሚለውን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ፑሪ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ሰው ነው የተጫወተው ይላል፤ ማፍጠጥ፣ መጮህ፣ መሳቅ። ያሳወቀው ድምፁና ፊቱ ነው፣ እነሱ ደግሞ ከፈጣሪ የተሰጡት እንጂ የለፋባቸው አይደሉም። አክተር መሆን ፈልጎ ስላልተሳካለት ነው ወንበዴ የሆነው። (በቪዲዮ ቤት ቋንቋ አክተር ማለት ጥሩው ሰውዬ ነው፣ የማይሞተው፤ ወንበዴ ደግሞ ክፉው። ጸሐፊውም እንዲሁ ነው የተጠቀመበት፣ እኔም እከተለዋለሁ።) ለሆሊውድ ገንዘብ ሲል የአገሩን ስም አስጠፋ። በእኛም አገር፣ በተለይ በጎጃም ከተሞች፣ በቪዲዮ ቤት ያደገውን ልጅ ክፋት አስተማረ። በመጨረሻም፣ አክተሮቹ ባይኖሩ ማንም አያስታውሰውም ነበር።

ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ የተጻፈ ነው፤ ይህን ልክድ አልችልም። ቀልዱም አስቆኛል። ስለዚህ ነው መልስ የሚገባው።

ወደ ክሶቹ ከመግባቴ በፊት አንዲት ትንሽ እርማት። ጸሐፊው «ከአሚታብ ባቻን ዘመን ጀምሮ ያው ሰው ነው» ብሎ በ1975 የወጣውን «ዲዋር»ን ይጠቅሳል። እዚያ ፊልም ላይ ሳማንት የተባለውን የኮንትሮባንድ አለቃ የተጫወተው አምሪሽ ሳይሆን ታላቅ ወንድሙ ማዳን ፑሪ ነው። ማዳንም ዕድሜውን በክፉ ገጸ ባሕርይ ያሳለፈ ተዋናይ ነበር፤ ወንድማማቾቹን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። ጥፋቱ ትንሽ ነው። ግን «ሁሌም ያው ሰው» የሚል ጽሑፍ ሁለት ሰዎችን እንደ አንድ ቆጥሮ ሲገኝ ትንሽ ማሳቁ አልቀረም።

እሺ፣ ዋናው ክስ። አንድ ሰው ብቻ ነው የተጫወተው የሚለው።

የማምነውን አስቀድሜ ልመን። ሰውዬው ሲበዛ ሠርቷል። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ከሠራቸው ውስጥ አንዱን ከሌላው ለመለየት ዊጉን ማየት ግድ የሚልባቸው አሉ። ትልቅ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ይስቃል፣ አንዱን አሽከሩን ይገድላል፣ መጨረሻ ላይ ይደበደባል። እነዚህን ብቻ ያየ ሰው «ይሄ ሰው አንድ ነገር ነው የሚችለው» ቢል አልፈርድበትም። ችግሩ ወንድማችን የጠቀሳቸው ፊልሞች (ያቺን የወንድሙን ትተን) በሙሉ ከዚሁ መደርደሪያ የተነሡ መሆናቸው ነው። ከዚያ በፊት ምን ነበር? ከዚያስ ጎን ለጎን?

ከዚያ በፊት የሽያም ቤኔጋል ፊልሞች ነበሩ። ቤኔጋል ዘፈንና ዳንሱን ትቶ የመንደሩን ኑሮ እንዳለ የሚቀርጽ ዳይሬክተር ነበር። ፑሪ በ1975፣ በ1976 እና በ1977 በተከታታይ በሦስት ፊልሞቹ ሠርቷል፦ «ኒሻንት»፣ «ማንታን» እና «ቡሚካ»። በሦስቱም ላይ እኩይ ነው ማለት ይቻላል። ሦስቱ እኩዮች ግን አይተዋወቁም።

«ማንታን» ስለ ወተት ነው። አዎ፣ ስለ ወተት። የመንደሩ ሰው ላሙን ያልባል፣ ሚሽራ የሚባል የወተት ነጋዴ ራሱ በቆረጠው ዋጋ ይገዛዋል። ከዚያ አንድ የእንስሳት ሐኪም መጥቶ «ማኅበር አቋቁሙ፣ ወተታችሁን ራሳችሁ ሽጡ» ይላቸዋል። የፊልሙን ወጪ የሸፈኑት የጉጃራት ገበሬዎች ናቸው፤ አምስት መቶ ሺህ ገበሬ ሁለት ሁለት ሩፒ አዋጥቶ ነው የተሠራው። ሚሽራን የተጫወተው ፑሪ ነው። ታዲያ ይሄ ሚሽራ ሰይፍ የለውም፣ የአሲድ ጉድጓድ የለውም፣ አያፈጥም። ጨዋ ነው። ለገበሬው የሚያስብ ይመስላል። የማኅበሩ ነገር ሲመጣበት እንኳ በቁጣ ሳይሆን በምክር ነው የሚጀምረው። እህል ሲደርስ ደጅ ድረስ መጥቶ «ለአንተማ አልጨክንም፣ ወንድሜ አይደለህ» እያለ ከገበያ ዋጋ በታች የሚቆርጥ ነጋዴ ያላየ የጎጃም ገበሬ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። እኔ ሚሽራን ሳየው ከየትኛው ገበያ እንደማውቀው ነው ያሰብኩት። ፑሪ ይህን ሰው ያሳየን ፈገግታውን በማብዛት ነው።

«ቡሚካ» ላይ ደግሞ ሀብታም ባለርስት ነው። ስሚታ ፓቲል የምትጫወታት ተዋናይት ከተመሰቃቀለ ኑሮዋ ሸሽታ እሱ ዘንድ ትገባለች። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ምግቡ ሞልቷል፣ ሰውዬው ድምፁን ከፍ አያደርግም። ቀስ በቀስ ግን ከግቢው መውጣት እንደማትችል ይገባታል። ማንም አልመታትም። ማንም አልጮኸባትም። የቤቱ ሥርዓት ነው ተባለች፣ አለቀ። «ማፍጠጥና መጮህ ብቻ» ያለው ወንድማችን ይህን ፊልም አይቶ ቢሆን ያቺን አረፍተ ነገር ይሰርዛት ነበር ብዬ አስባለሁ።

ጎን ለጎንስ? በ1993 «ዳሚኒ» ወጣ። እዚያ ጠበቃ ነው። አንዲት የቤት ሠራተኛ ተደፍራለች፣ ደፋሪዎቹ የሀብታም ቤተሰብ ናቸው፣ ያየችውን የምትመሰክረው ደግሞ የዚያው ቤተሰብ ምራት ነች። የፑሪ ሥራ ይህችን ምስክር እብድ ማስባል ነው። መሣሪያው ጥያቄ ብቻ ነው። ጥያቄውን ሲጠይቃት እንደ አባት ያዝንላታል። እንደዚያ ያለ ክፋት ከሞጋምቦ ሳቅ በላይ አጥንት ውስጥ ይገባል፤ ፍርድ ቤት ደጅ ተመላልሶ የሚያውቅ ሰው ይመስክር።

ከሁሉ በላይ የማነሣው ግን በ1996 የወጣውን «ጋታክ»ን ነው። እዚህ ፊልም ላይ ፑሪ ወንበዴ አይደለም፤ ለአገሩ ነፃነት የታገለ፣ አሁን በጉሮሮ ካንሰር የታመመ ሽማግሌ ነው። ሰኒ ዲኦል ልጁ ነው። ወንበዴው ዳኒ ዴንዞንግፓ ሽማግሌውን ይይዘውና የውሻ ማሰሪያ አንገቱ ላይ አስሮ ያዋርደዋል። እስኪ አስቡት። ሰው ሁሉ የሚፈራው ፊት፣ ያ ድምፅ፣ እንደ ውሻ ሲጎተት። ተመልካቹ የሚያለቅሰው ያ ሰውዬ ምን ያህል አስፈሪ እንደነበር ስለሚያውቅ ጭምር ነው። ፑሪ የገዛ ዝናውን ወስዶ መሬት ላይ ነው የጣለው። ለዚህ ሥራ የፊልምፌር የምርጥ ደጋፊ ተዋናይ ሽልማት አገኘ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በ«ቪራሳት» የመንደር ሽማግሌ፣ ደግ አባት ሆኖ ያንኑ ሽልማት ደገመው።

ሻሩክ ካንንና ካጆልን ያገናኘው የ1995ቱ «ዲልዋሌ»ም አለ፤ ሙምባይ ውስጥ በአንድ ሲኒማ ቤት ከወጣበት ዘመን ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት ሲታይ የኖረው። የካጆል አባት ማን ነው? ፑሪ ነው። ፊልሙን የሚከፍተውም እሱ ነው፤ ለንደን አደባባይ ላይ ለእርግቦች እህል እየበተነ፣ ልቡ ፑንጃብ የቀረ ስደተኛ ባለሱቅ። ልጁን ያለፍላጎቷ ሊድር የሚነሣው ስለሚጠላት አይደለም። ቃሉን ለጓደኛው ሰጥቷል፣ ቃል ደግሞ አይታጠፍም ብሎ ያምናል። እንዲህ ያለ አባት እዚህ ስንት አለ? መጨረሻ ላይ እጇን ሲለቅቃት ባቡሩ እየሄደ ነው፤ ሰዉ ሁሉ የሚያየው ግን የእሱን ፊት ነው።

እሺ፣ በእኩዮቹ ብቻ እንቆይ ብንል እንኳ መልኩ አንድ መሆኑ ምን ያስነውራል? እኛ ጎጃሞች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው። በቃ፣ ሁለት። የቅኔ ተማሪ ዘወትር ያንኑ ሁለት ቤት ነው የሚቆጥረው፤ ዋሸራም ይሂድ ጎንጅ ያው ነው። ትናንት የተቀኘውን ዛሬ ይዞ ቢመጣ ግን መምህሩ ፊት አይቆምም። ማንም ደግሞ «ይሄ ሰውዬ ዕድሜውን ሙሉ ሁለት ቤት ነው የቆጠረው፣ ባለቅኔ አይባልም» ብሎ አያውቅም። ፑሪም የተሰጠው ቤት ጠባብ ነበር። መጠየቅ ያለበት ውስጡ ምን ሞላበት የሚለው ነው።

ሁለተኛው ክስ ድምፁና ፊቱ የተሰጡት ናቸው የሚለው ነው። ግማሹ እውነት ነው። እንደዚያ ያለ ድምፅ በልፋት ብቻ አይገኝም።

ግን ወንድማችን አንድ ነገር ረሳ። እኛ ህንድኛ አንችልም ነበር። ደብረ ማርቆስ ቪዲዮ ቤት ውስጥ አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ የተቀመጠው ሰው አንዲት ቃል አይሰማም። ከሥር ጽሑፍ ካለ የዐረብኛ ነው፤ እሱንም የሚያነብ የለም። ሆኖም ፑሪ ሲዋሽ ዋሸ እንላለን። ሲፈራና ፍርሃቱን በሳቅ ሲሸፍን «ፈራ፣ ፈራ!» ብለን እንጮኻለን። አንድ ጋሼ ከኋላ ሆነው «ይሄ ሰውዬ አሁን ሊክደው ነው» ይላሉ፤ ይክደዋል። ቋንቋውን ለማያውቅ፣ አገሩን ላላየ፣ በተደበላለቀ ካሴት ለሚመለከት ሰው ሐሳቡን ማድረስ ትወና ካልሆነ ምኑ ነው ትወና? ትልቅ ድምፅ ያለው ሰው ሞልቷል። በድምፁ ውስጥ ውሸትን ከእውነት ለይቶ የሚያሰማ ግን ጥቂት ነው።

ደግሞ ድምፅን «ስጦታ ነው» ብለን የምናጣጥለው ከሆነ በራሳችን ላይ ነው የምንፈርደው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የነበረው ድምፅ ብቻ ነው። ልብስ የለም፣ ፊት የለም። ፊታውራሪ መሸሻን ግን አየናቸው። ሲኮሩ፣ ሲቆጡ፣ ሲያፍሩ። ሐዲስ ዓለማየሁ የጻፉት የጎጃም ፊውዳል በአንድ ሰው ጉሮሮ ቤታችን ገባ። ያንን ማን ነው «እድሜ ለጉሮሮው» ብሎ የሚያልፈው? የፑሪ ድምፅም ለዓመታት የተገራው መድረክ ላይ ነው። ይህ ደግሞ ወደ ሦስተኛው ክስ ያደርሰኛል።

ጸሐፊው ፑሪ አክተር ለመሆን ሞክሮ ፊቱ አልሆነም ተብሎ እንደተመለሰ ይነግረናል። ትክክል ነው፤ በ1950ዎቹ የሙከራ ቀረጻ አድርጎ ወድቋል። ከዚያ ተነሥቶ «የተረፈውን በላ» ይላል። እዚህ ላይ ነው የተዘለለው።

ሰውዬው ከወደቀ በኋላ በመንግሥት የሠራተኞች ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። ለሃያ ዓመት ገደማ ቢሮ ሠራ። ከሥራ ሲወጣ ወደ ቴአትር ይሄዳል። ከነሳትያዴቭ ዱቤ ጋር ሙምባይ ውስጥ መድረክ ላይ የታወቀ ተዋናይ ሆነ። ፊልም ላይ በደንብ መታየት የጀመረው ወደ አርባ ዓመቱ ሲጠጋ ነው። በ1979 የህንድ ብሔራዊ የኪነ ጥበብ አካዳሚ ለቴአትር ሥራው ሸለመው። ልብ በሉ፣ 1979። ሞጋምቦ የመጣው በ1987 ነው። ሰውዬው በትወና ተመስክሮለት ካበቃ በኋላ ነው ወንበዴ የሆነው። ታላቅ ወንድሙ ደግሞ በዚያው በወንበዴነት ቤት ንብረት አፍርቶ ነበር፤ የተረፈውን መብላት ቢያስፈልገው ሃያ ዓመት ቢሮ ምን አስቀመጠው?

በነገራችን ላይ «ፊቱ ስላላማረ ወንበዴ ሆነ» የሚለው አነጋገር ለእኛም ፊልም ችግር ነው። ዛሬም የአማርኛ ፊልም ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገና ግንባሩን ያኮሳተረ ሁሉ ክፉ ነው። ማን ክፉ እንደሆነ ገና ሲገባ ስለሚታወቅ ፊልሙ በአምስተኛው ደቂቃ ያልቃል። ይህን ግን ሌላ ቀን።

አራተኛው ክስ ላይ ከወንድማችን ጋር ብዙ መንገድ አብረን እንሄዳለን። በ1984 ስቲቨን ስፒልበርግ በሠራው ሁለተኛው «ኢንዲያና ጆንስ» ላይ ፑሪ ሞላ ራም የሚባል ካህን ነው፤ ከሰው ደረት ውስጥ ልብ በእጁ የሚያወጣ። ፊልሙ ህንዶችን የጦጣ ጭንቅላት የሚበሉ አድርጎ አሳይቷል። አስቀያሚ ነው። የህንድ መንግሥት ጽሑፉን አይቶ እንዲስተካከል ጠየቀ፣ አልተስማሙም፣ ቀረጻው ወደ ስሪላንካ ሄደ። ፊልሙም ህንድ ውስጥ ለጊዜው ታግዶ ነበር። ይህን ሁሉ ጸሐፊው በትክክል ጽፏል። ፑሪ ከሞተ በኋላ በወጣው የሕይወት ታሪኩ ላይ ግን በዚህ ሥራ እንዳልተጸጸተ ተናግሯል። እኔ ብሆን ትንሽ ይቆጨኝ ነበር።

የማልስማማው «አገሩን ሸጠ» በሚለው ነው። የጦጣውን ጭንቅላት ማዕድ ላይ ያኖረው ፑሪ አይደለም፤ እሱ እዚያ ማዕድ ላይ እንኳ የለም። ጽሑፉን የጻፉትና የመሩት ሌሎች ናቸው። ደግሞ ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1982፣ በሪቻርድ አተንቦሮ «ጋንዲ» ላይ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከጋንዲ ጎን የቆመውን ነጋዴ ካንን ተጫውቷል። ይህን ለምን ዘለልነው? የውጭ ፊልም ላይ ሠርቶ ክብር ሲያገኝ የማይቆጠርለት፣ ሲያሳፍር ብቻ የሚቆጠርበት ከሆነ ሚዛኑ አንድ እጅ ብቻ ነው ያለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጭንቅላቱን የተላጨው ለ«ኢንዲያና ጆንስ» ነው። መላጣነቱ ተስማማውና ከዚያ በኋላ አልተወውም፤ ለየፊልሙ ዊግ እየቀያየረ ሠራበት። ሞጋምቦም ወርቃማ ዊጉን የደፋው እዚያ መላጣ ላይ ነው።

አሁን ወደ እኛ ቤት እንምጣ። ጸሐፊው «የጎጃም ከተሞች ልጆች በቪዲዮ ቤት ክፋት ተማሩ» ይላል። ስለ ቪዲዮ ቤቶች ያለውን ብዙውን እቀበላለሁ። በትምህርት ሰዓት የሚከፈቱ ነበሩ። ደብተር በሸሚዝ ሥር ደብቆ የሚገባ ልጅ ነበር። ጫት የሚቃምባቸው ነበሩ። ወላጅ ቢማረር አይፈረድበትም።

ግን ያንን ያደረገው ቤቱን የከፈተው ሰው ነው ወይስ ሙምባይ ያለ ተዋናይ?

ከዚያም፣ ልጁ ከፊልሙ ዱላ ተማረ ካልን ከማን ነው የተማረው? ቁጠሩት እንጂ። ወንበዴው በአንድ ፊልም ውስጥ ሦስት አራት ሰው ይገድላል። አክተሩ መጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት ላይ ብቻ ሠላሳ ሰው ያጋድማል፤ መኪና ይገለብጣል፣ ፋብሪካ ያቃጥላል፣ ፖሊስ የሚመጣው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ከቪዲዮ ቤት ወጥተን መንገድ ላይ የምንራገጠው ሁላችንም አክተር ሆነን ነበር። ወንበዴ የሚሆን ልጅ ጠፍቶ በዕጣ ነበር የሚመረጠው፤ ዕጣ የወጣበት ያለቅስ ነበር። ማንም አምሪሽ ፑሪን መሆን አልፈለገም። ክፋትን እንዲህ አድርጎ ያስጠላን ሰው «ክፋት አስተማረ» መባሉ ይገርመኛል። ጥፊን የሚያስወድደው አክተሩ ነበር፤ ጸሐፊው ግን ስለ አክተሩ ጥፊ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ደግሞ የጎጃም ሰው በዳይንና ተበዳይን ለመለየት ካሴት አልጠበቀም። በእኛ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ «መሬታችንን ሊለኩብን ነው» ብለው የተነሡት አባቶች የህንድ ፊልም አላዩም። «ኒሻንት»ን ያየ ሰው ግን ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። እዚያ ፑሪ የመንደሩ ጌታና የወንድሞቹ ታላቅ ነው፤ ወንድሞቹ የመምህሩን ሚስት ጠልፈው ግቢያቸው ውስጥ ያስገባሉ። ሕግም ፖሊስም ጌቶቹን አይነካም። በመጨረሻ መምህሩና የቤተ መቅደሱ ካህን መንደሩን ያነሣሡታል። ፑሪ እዚያ ፊልም ላይ ብዙም አይናገርም። ሲያልፍ ሰው ዝቅ የሚልለት አካሄዱ ነው የሚናገርለት። ከዚህ ፊልም ሰው የሚማረው ነገር ካለ መጎንበስ እንዴት እንደሚጀምር ነው።

በመጨረሻ የቀረው «አክተሮቹ ባይኖሩ ማን ያስታውሰዋል» የሚለው ነው። ይሄ ለእኔ በጣም ቀላሉ ነው።

ከ«ሚስተር ኢንዲያ» ወንበዴው ማን ይባላል? ሕፃን ሽማግሌው ሞጋምቦ ይላል። አክተሩስ? አኒል ካፑር እንዳትሉኝ፣ እሱ የሰውዬው ስም ነው። ፊልሙ ውስጥ ማን ይባላል? አሩን ቬርማ ነው። ምን ያህሎቻችሁ አስታወሳችሁ?

ነገሩ እንዲያውም ከዚህ ያልፋል። በዚያ ፊልም ላይ አክተሩ የእጅ አምባር አጥልቆ የማይታይ ይሆናል፤ የሚታየው በቀይ ብርሃን ብቻ ነው። ይህ ማለት በብዙ ትዕይንት አክተሩ ስክሪኑ ላይ የለም! ጥፊው ከየት እንደመጣ፣ ሰውዬው የት እንደቆመ፣ ምን ያህል እንደቀረበ የምናውቀው ከወንበዴዎቹ ፊት ነው። እነሱ ናቸው ባዶ አየር እያዩ የሚደነግጡት፣ የሚዞሩት፣ የሚወድቁት። አክተሩን ያቆሙት እነሱ ናቸው። ሞጋምቦም ያንን ሁሉ ሹመት ደረቱ ላይ ደርድሮ፣ አሽከሮቹን በአንድ ቃል አሲድ ውስጥ እያዘለለ፣ የማያየውን ሰው ሲፈራ አይተን ነው የማይታየው ሰው ኃይለኛ መሆኑን ያመንነው። የማይፈራ ሰው ሲፈራ ማሳየት ከባድ ነው፤ ቶሎ ከፈራ ሞጋምቦ አይሆንም፣ ጭራሽ ካልፈራ ፊልሙ አይሄድም።

ለፍትሕ ያህል፣ የሞጋምቦ ስኬት የፑሪ ብቻ አይደለም። ታሪኩን የጻፉት ሳሊም ካንና ጃቬድ አክታር ናቸው፤ «ሞጋምቦ ተደሰተ» የምትለዋ አባባል የጽሑፉ ናት። ዳይሬክተሩ ሼካር ካፑር ነው። ስሪዴቪም ፊልሙን ግማሹን ተሸክማዋለች። ጸሐፊው «ጥሩ ጽሑፍ ሰጥተውት ነው» ቢል ኖሮ ራሴን እነቀንቅለት ነበር። ግን ያቺን አባባል ደጋግሞ ሲላት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለችም። አንዴ እውነት ደስ ብሎት ነው። አንዴ ሊገድል ነው። አንዴ ደግሞ ነገሩ ከእጁ ሊወጣ ሲል፣ እንዳልወጣ ለማስመሰል ነው። ወረቀቱ ላይ ያሉት ቃላት ያው ናቸው።

ወንድማችን በጽሑፉ ማብቂያ ክፍል ሁለት እንዳለ፣ እዚያም ወደ «ሾሌ» ወንበዴ ወደ ጋባር ሲንግ እንደሚዞር ነግሮናል። ጥሩ፣ እንጠብቃለን። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጋባርን የተጫወተው አምጃድ ካን «ሾሌ» ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ በሳትያጂት ሬይ ፊልም ላይ ዋጂድ አሊ ሻህ የተባለውን ግጥምና ሙዚቃ የሚወድ፣ መንግሥቱን ለእንግሊዞች የሚያስረክብ ንጉሥ ሆኖ ሠርቷል። ፊልሙ «የቼስ ተጫዋቾቹ» ነው፣ 1977። አምጃድ ካንም አንድ ነገር ብቻ ነው የሚችለው ብለህ ከመጻፍህ በፊት እሱን እየው።